መልሱን የማታሳምር ሴት

በልጅነቷ ቋሪት ወረዳ ውስጥ ኩፍኝ ገብቶ አንድ ዓይኗን አጠፋባት፤ እሷ ግን ተረፈች። ዛሬ ፍኖተ ሰላም አንድ ቢሮ ውስጥ የገበሬውን የመሬት መረጃ የያዘውን ዳታቤዝ ትጠብቃለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ነው የምትሠራው። መጠባበቂያ ቅጂ በተወሰደ ቁጥር ዳታቤዙ የሚዘረግፈውን ረጅም መልስ በዓይኗ አትለቅምም፤ ራሷ የጻፈችው ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር ፕሮግራም፣ ቀኑን፣ መጠኑንና ውጤቱን ለይቶ በየስማቸው ያኖራል፤ ሪፖርቱም ከዚያው ይወጣል።

ትናንት ውጤቱ “መጠባበቂያ ቅጂው አልተሟላም” አለ። ሪፖርቱን የሚያይ እንግዳ የሚጠብቀው አለቃዋ መጣ።

“አንቺ፣ ተሟልቷል ብለሽ በእጅሽ ጻፊው።”

“እጄን አላስገባም፣ ጌታዬ።”

“በአንድ ዓይንሽ ተሳስተሽ ይሆናል!”

“አንዱም ቢሆን የጎደለውን ሞልቶ አያይም። ቅጂው ሳይሟላ ማሽኑ ቢበላሽ ገበሬው ያለ ማስረጃ ይቀራል። ከሁሉ የሚበልጥብኝ መልሱን እንደ ወጣ መያዝ ነው፤ ለእንግዳ ብዬ አላሳምረውም።”