ዮሊን ያጠበቻት ማርያም

ዮሊን ኬቲልስዶተር ሰባ አንድ ዓመት ሲሞላት የሃልቦ ቤተ ክርስቲያን አጣቢ ከሆነች ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሃልቦ በስዊድን ምዕራባዊ ጫፍ፣ ኖርዌይን ከሚያዋስነው ተራራ ሥር ያለች መንደር ናት። ሥራውን የተረከበችው ከእናቷ ነው፤ እናቷም ከእናቷ። በየዓመቱ፣ ከበጋው በዓል በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ከእንጨት የተቀረጸችውን ማርያም ከግድግዳ ታወርድና በአመድ ውሃና በሳሙና ታጥባታለች። በልብሷ እጥፋት የተሸሸገውን እድፍ በሾለ እንጨት ትፈለቅቃለች። በአውራጃው የሃልቦን ማርያም ያህል የጸዳች የለችም ይባል ነበር። ዮሊን ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል።

በዚያ ዓመት ከዋና ከተማው ሙዚየም ደብዳቤ ደረሰ። ከባሕር ማዶ የመጡ የጥንት ቅርጾች ወደ ሙዚየሙ ይሰብሰቡ፣ የአገሬው እጅ የሠራቸው በቦታቸው ይቆዩ ይላል። ደብዳቤውን ተከትሎ የሙዚየሙ ሊቅ ዶክተር ሬንማርክ በፈረስ ጋሪ መጣ። ማርያምን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ግማሽ ቀን መረመራት።

"የጀርመን ሥራ ናት" አለ። "እዚህ ጫካ ውስጥ፣ ሁለት መንግሥታት በሚዋሰኑበት ጠረፍ፣ ይህን የሚሠራ ሰው ከየት ይመጣል?"

"ድንበሩ እኮ ትናንት የመጣ ነው፣ ጌታው" አለች ዮሊን። "እሷ ስትቀረጽ ይሄ ሁሉ ኖርዌይ ነበር። ከተራራው ወዲያ ያሉትም ዘመዶቻችን ናቸው። ደግሞ ጀርባዋ ላይ ያለውን የቢላዋ ምልክት ይዩት! ባሌ የወተት ገበታ ሲፈለፍል ቢላዋውን እንዲሁ ነበር የሚያዞረው።"

የደብሩ ሹም ፔደር ሳቀ። "እማማ ዮሊን፣ የባልሽ ማንኪያ እንኳ ጠማማ ነበር!"

"በዚያ ጠማማ ማንኪያ ስንት ገንፎ ጠርገሃል!"

ዶክተሩ አልሳቀም። "ቢላዋ በየአገሩ ይዞራል። ከተራራው ወዲያ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግን የዚሁ አካባቢ ሰው የቀባው ጥንታዊ የሥዕል ሰሌዳ አለ። የእሷ ቀለም ከዚያ ጋር ቢገጥም የዚህ አገር ሥራ ናት ብዬ እፈርም ነበር። ጥፍር የምታህል ቀለም ትበቃኝ ነበር።" አጉሊ መነጽሩን ከእጥፋት ወደ እጥፋት አዞረ። "እንዲህ የተገፈፈች አይቼ አላውቅም። ቀለሟን ማነው ያነሳው?"

ፔደር አቀርቅሮ ወለሉን አየ። ዮሊን ልጅ ሳለች ከማርያም አንገት ሥር ሰማያዊ ነገር እንደነበረ ታስታውሳለች። ሥራ በጀመረችበት ዓመት በሾለው እንጨት ፍቃ አጠራችው፤ እናቷም "ጎበዝ!" ብላታለች።

"እኔ ነኝ" አለች።

ማርያም በድርቆሽ ተጠቅልላ በሳጥን ሄደች። ሙዚየሙ ውስጥ ከሥሯ "የሰሜን ጀርመን ሥራ" ተብሎ መጻፉን ፔደር ከከተማ ሲመለስ ነገራት። ያን ቀን አልቀለደም።

በሚቀጥለው በጋ፣ በዚያችው ቅዳሜ፣ ዮሊን ባልዲዋን ይዛ መጣች። ወለሉን አጠበች፤ ወንበሮቹን አጠበች። ግድግዳው ላይ የማርያም ቅርጽ ነጥቶ ቀርቷል፤ ዙሪያውን የዘመናት የሻማ ጥላሸት ከቦታል። ጨርቋን ጨምቃ እፊቱ ቆመች።

"ኖራ ላስቀባው እንዴ፣ እማማ?" አለ ፔደር ቀስ ብሎ።

"እንዳትነካው። እኔም አልነካውም።"

የቀረውን ውሃ ይዛ ወጣችና ሣሩ ላይ ደፋችው።