ጫማው የጠበባት ጠዋት

ትናንት ጅማ መርካቶ የስድስት ዓመት ልጄን ጫማ ሳስለካት፣ "እማ፣ ጠበበኝ" አለችኝ። የአዲሱ ፕላስቲክ ሽታ ወደ ልጅነቴ ከተማ ወደ ሸቤ ወሰደኝ፤ የታላቅ እህቴ የዘይነባ ቀይ ኮንጎ ጫማ አልገባት ወዳለበት ጠዋት።

"ማሻአላህ፣ አደገችልኝ!" አለች እናቴ። የዘይነባ ፊት ሞልቶ ነበር። ወባ አክስቷት ስለከረመ ሁላችንም ደስ አለን። እናቴ የሰው ዓይን ፈርታ፣ ጎረቤት በመጣ ቁጥር በሻርፗ ትሸፍናት ጀመር። ጫማው ለእኔ ተሰጠኝ፤ ግቢውን እየዞርኩ ጨፈርኩበት።

ጅማ ሐኪም ቤት የወሰድናት ትንፋሽ ሲያጥራት ነው። ሐኪሙ ቅልጥሟን በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

"እናት፣ ይሄ ውፍረት አይደለም፣ ውኃ ነው። ኩላሊቷ እንደተቀደደ ወንፊት ሆኖ ፕሮቲኑን በሽንቷ እያፈሰሰው ነው።"

"ምን አመጣባት ዶክተር?"

"ወባም ሌላ በሽታም ሊያመጣው ይችላል። በልጆች ግን ብዙ ጊዜ መነሻው አይታወቅም። ቶሎ ከመጡ አብዛኞቹ በመድኃኒት ይሻላቸዋል።"

የወንፊቱ ነገር አልገባኝም። "ቶሎ" ሲል ግን እናቴ የራሷን ፊት በዚያው ሻርፕ ስትሸፍን አይቻለሁ። ዘይነባን እዚያው ጅማ ቀብረን ወደ ሸቤ ስንመለስ፣ መንገዱን ሙሉ "ሰው እንዳያያት የሸፈንኳት እኔ ነኝ" ትል ነበር።

"እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለች ልጄ።

ተንበርክኬ ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ኖሯል። ጣቴን አነሳሁ። ቆዳዋ ወዲያው ተመለሰ።

"አድጋ ነው" አልኩት ባለሱቁን፤ "ሰፋ ያለ አምጣልኝ።"