ከማዶ ሰልፍ የመጣችው ሴት

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው። በፍርድ ቤቱ ምድር ቤት፣ በረኪና በሚሸት ጠባብ የእስረኞች ማቆያ ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ወዲያው አወቅኋት። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ካሌዶኒያን ሮድ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ስደተኞች ባረፉበት ሆቴል ፊት ለፊት፣ «ስደተኛ ይውጣ» ከሚሉት ሰልፈኞች የፊት ረድፍ ላይ ቆማ «ወደ አገርሽ ሂጂ!» ስትለኝ ነበር። እኔ እነሱን ለመቃወም ከወጡት ጋር አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ አልነሳም በማለቴ ታሰርኩ፤ እሷ ፖሊስ ገፍትራ።

ወሬውን የጀመረችው እሷ ናት።

«ልጅ አለሽ?»

«ሴት ልጅ አለችኝ።»

«እኔም። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ወንዶች ተከትለው አስፈራሯት። ፖሊስ ጋ ብሄድ፣ የሰፈሩ አስተዳደር ካውንስል ብሄድ የሚሰማኝ አጣሁ። ሰልፉን የጠራው ፓርቲ ሰዎች ግን ቤቴ መጥተው ቁጭ ብለው አዳመጡኝ።»

«የተከተሏት ስደተኞች ናቸው?»

«እኔ አላየኋቸውም። ስደተኞች ናቸው ያሉኝ የፓርቲው ሰዎች ናቸው።» ጣቶቿን እያፍተለተለች ቀጠለች። «ሴቶች ከፊት ቁሙ፣ ፖሊስ አይነካችሁም ያሉንም እነሱው። ዛሬ አንዳቸውም ብቅ አላሉ።»

ልመልስላት ስል ፊቷ ተለዋወጠ። ጃኬቷን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረች። የወር አበባዋ መጥቶባታል። በበሩ መስኮት የሚያየን ጠባቂ ወንድ ነው። «ለእሱስ አልነግረውም» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

ተነሥቼ በሩን ደበደብኩ።

«ምን ፈለግሽ?»

«ሴት ጠባቂ ጥራልን።»

«ለምን?»

«ለሷ እንነግራታለን።»

እያጉረመረመ ሄደ፤ ተመልሶም በመስኮቱ አየን። ጀርባዬን ሰጥቼ መስኮቱን ጋረድኩት። ሴቲቱ ጠባቂ ሞዴስ ይዛ እስክትመጣ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቅኩም።

ኋላ ከሁለታችን እሷ ቀድማ ወደ ችሎት ተጠራች። አመሰግናለሁ አላለችኝም። በሩ ላይ ግን ዞር አለችና፣

«ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ።

«አሥራ አራት።»

የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ጠባቂው አጣደፋት።

እኔን በማስጠንቀቂያ ለቀቁኝ። የሷን ፍርድ አልሰማሁም። ባለፈው ሰሞን በቴሌቪዥን አየኋት፤ አሁንም ከፊት ተሰልፋለች፣ ድምፅዋ ሰልሏል። አተኩሬ ሳይ ልጄ አይታኝ «ማሚ፣ ታውቂያታለሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አብረን ታስረናል» አልኳት።

ፓርቲዋን እንድትተው ማድረግ የምችል አይመስለኝም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የእኔም ልጅ በሰፈራችን በኤድመንተን ፌርማታ ላይ ብቻዋን መቆም ትፈራለች። ያን ቀን ይህን ለሴትዮዋ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሳልነግራት ቀረሁ።