በገብስ ማሳ ላይ የተሰማው ተኩስ

በነገሩ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የሒሳብ መምህራችን መምህር እንዳለ፣ አባቴ አቶ ሽፈራው፣ ካሜራ ይዘው ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት እንግዶች፣ እና ያን ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የነበርኩት እኔ። ዘንድሮ ደግሞ ልጄ ናሆም ተጨመረ።

ባለፈው እሑድ ናሆም ስለ ቪዲዮ ጌም ሠሪዎች የሚያወራ ዘጋቢ ፊልም ከፍቶ ያያል። ተራኪው ሰዎቹን ባለ ራእይ እያለ ያሞግሳል። እንደ ልማዴ "አጥፋው!" ልል ከወንበሬ ስነሳ ልጄ ዞር አለና፣ "አባዬ፣ እኛ አገር ጌም የሠራ ሰው ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ፕላዝማ በየክፍሉ በተሰቀለበት ዘመን፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለው ትምህርት ቤታችን አራት ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ የክፍሉን ቁልፍ የሚይዙት ደግሞ ከብርዱ የተነሳ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ የሚያስተምሩት፣ እጅጌያቸው ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣው መምህር እንዳለ ነበሩ። እሳቸው ማንም ሳያዛቸው ስንት ወር ለፍተው አንድ ጨዋታ ሠሩ። ከታች አረንጓዴ ጭረቶች ይበቅላሉ፤ ገብስ ነው። ከላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፤ ውርጭ ነው። ውርጩ ሳይደርስ አጭዶ መከመር ነው፣ ሌላ የለውም። ይህን ፍርሃት ማንም እንዲያስረዳን አላስፈለገንም። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ፣ የሞቀ አቧራ በሚሸተው በዚያ ክፍል፣ በብርድ የደነዘዙ ጣቶቻችንን እያፍተለተልን ተራ እንጠብቃለን፤ አንዱ ሲዘገይ ከኋላው ያሉት "እጨድ እንጂ አንተ ሰነፍ! አባትህ ማሳ ላይ ቢሆን በጅራፍ ነበር!" እያሉ ይጮኹበታል።

በዚያ መንፈቅ ሒሳብ ወደቅኩ። የወደቅኩት ስላላጠናሁ ነው።

እንግዶቹ ወጣቱን ስለሚያጠፉ ሱሶች ፊልም እየሠሩ ነበር። በከተማችን ጌም ቤት ፈልገው ሲያጡ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው የመምህር እንዳለን ጨዋታ ቀረጹ፤ አባቴም የወላጅ ኮሚቴ ስለነበሩ ቤታችን ጋበዟቸው። በእኛ ቤት እንግዳን ማሳፈር ትልቅ ነውር ነው። አባቴ ወደ ጓዳ ጠሩኝና፣ "ከአዲስ አበባ ድረስ ደክመው መጥተው ባዶ እጃቸውን አይመለሱም። እንደሚፈልጉት መልስላቸው" አሉኝ።

ካሜራው ፊት ቆምኩ። አንደኛው፣ "ትምህርትህን ያበላሸብህ ጌሙ ነው፣ አይደል?" አለኝ።

"አዎ" አልኩ። "ያስለመዱን መምህራችን ናቸው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ መያዝ አቃተኝ።"

አባቴ የመምህሩን ነገር ጨምር አላሉኝም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ውድቀቴን የሚሸከምልኝ ሰው ስላገኘሁ።

ፊልሙ በቴሌቪዥን የታየ ዕለት የከተማችን ሻይ ቤት እስከ በሩ ሞልቶ ነበር። መምህር እንዳለ ብርጭቋቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል። እኔ የተናገርኩትን ስለማውቅ ወደ አባቴ ተጠጋሁ። የገብሱ ማሳ ብቅ ሲል ልጆቹ "የእኛ! የእኛ!" ብለው ጮኹ፤ ወዲያው በማሳው ላይ የመትረየስ ተኩስ ተንጣጣ። የጨዋታው ድምፅ አልነበረም፤ ጨዋታው ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረውም። ተራኪው በወፍራም ድምፅ ስለ ትውልድ ገዳዮች ተናገረ። ማሳውን በዓይኑ ያየው ሁሉ ጆሮውን አመነና ወደ በሩ ዞረ። ቀጥሎ የእኔ ፊት መጣ። አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "አንደበቱን እዩልኝ!" አሉ። መምህሩ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ዓርብ የኮምፒውተሩ ክፍል ተቆልፎ ነበር። መምህር እንዳለ በር ላይ አገኙኝ፤ አልተቆጡም።

"ተኩሱ የፊልም ሠሪዎቹ ነው" አሉኝ። "ስለ እኔ የተናገረው ድምፅ ግን ያንተ ነው፣ አይደል?"

 ዛሬ ልጆቼን በትንሽ ውሸት እቀጣለሁ፤ ይህችን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። እሑድ ለናሆም ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ፣ "ይቅርታ ጠየቅካቸው?" አለኝ።

አልጠየቅኩም። እሳቸው በዓመቱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ነኩ ሲባል አልሰማሁም። አራቱ ኮምፒውተሮች ጨርቅ እንደለበሱ ሽቦአቸውን አይጥ በላው። እኔ ከመዛወራቸው በፊት እሳቸው ክፍል መቀመጥ ስላቃተኝ ትምህርቴን አቋረጥኩ፤ የቀረውን ከተዋስኳቸው መጻሕፍት ብቻዬን ለቀምኩት። አባቴ በዚያ አንደበቴ እንደኮሩ አረፉ። ልጄ ደግሞ እሑድ ከሰዓት አባቱን በሌላ ዓይን አየ። ይህ ሁሉ የተከፈለው ሩብ ደቂቃ ለማይሞላ ንግግር ነው።