በር አናት ላይ የተበየደው ማርሽ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ዘመኑ የደርግ ነው። ጂንካ፣ ከቤቴ ጓሮ፣ በናፍጣ ሞተር የምትዞር አንዲት አሮጌ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ነበረችኝ። ከከተማው በላይ ያለው የገዘር ገበሬ ማኅበር ወፍጮ ማርሹ ተሰባብሮ ቆመ። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሱት አዛውንት ስብርባሪውን በጨርቅ ቋጥረው አመጡልኝ።

«ልጄ፣ ሴቶቹ እህል ተሸክመው እዚህ ድረስ በእግር እየወረዱ ነው። ነፍሰ ጡሯም፣ አራሷም። ቶሎ በልልን» አሉኝ።

የማርሹን ጥርስ ስቆጥር ሠላሳ ሰባት ሆነ። ሠላሳ ስድስት ቢሆን ማካፈሉ ቀላል ነበር፤ ሠላሳ ሰባት ግን በምንም አይካፈልም። አንድ ወፍራም ብረት ቶርኖዋ ላይ ክብ አድርጌ ቆረጥኩና ዙሪያውን በወረቀት ለካሁት። ወረቀቱን ዘርግቼ በማስመሪያ ሠላሳ ሰባት ቦታ ከፈልኩ፤ መልሼም ብረቱ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ በመጋዝ እየሰነጠቅኩ፣ በሞረድ እየሞረድኩ ዘጠኝ ቀን ለፋሁ። ሲያልቅ ጉራዬ አላስቀምጥ አለኝና በብርጭቆ ወረቀት ወልውዬ እንደ መስታወት አበራሁት። ጥፋቴ እሱ ነው።

ወደ ገዘር ልልከው ስል አንድ ካድሬ ሊጎበኝ መጣ። አንስቶ አገላበጠው።

«ጓድ፣ ይሄ እዚህ ነው የተሠራው? ለአብዮት በዓሉ ይፈለጋል።»

«ወፍጮው ቆሟል እኮ!»

«ወፍጮው የትም አይሄድም። በዓሉ ግን ነገ ነው።»

ይዞት ሄደ። ከበዓሉ በኋላ ይመልሱልኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እኔ ሞኙ። ስሄድ ምን ባይ ጥሩ ነው? ቀይ ቀለም ቀብተው የቀበሌው አዳራሽ በር አናት ላይ በይደውታል! ግማሹ ጥርስ በብየዳው ቀልጧል፤ ቢነቀልም አይረባም። የሠርቶ አደሩ ምልክት ነው አሉኝ። ሠርቶ አደሯ ግን፣ ከገዘር እህል ተሸክማ የወረደች አንዲት አራስ፣ እዚያው በሩ ሥር ጆንያዋን አውርዳ፣ ሕፃኗን እያጠባች ታርፋለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የእናንተ ወፍጮ ማርሽ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። ጆንያዋን ተሸክማ ሄደች።

በንዴት እየተንጨረጨርኩ ሌላ ቆረጥኩ። ይሄኛውን አልወለወልኩትም፤ የተቃጠለ ዘይት ለቀለቅኩት፣ አመድ ነሰነስኩበት። ካድሬው ተመልሶ መጣ፤ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው?» ብሎ በጫማው ገፋ አድርጎት ወጣ።

እሱ እንደወጣ ማርሹን ለአዛውንቱ ላክሁት፤ በማግስቱ ገዘር ላይ ዱቄት ወረደ። ያቺ አራስ ግን ያንን ሁሉ መንገድ በከንቱ ተመላልሳለች፤ በእኔ ውልወላና በእነሱ ቀለም። ዛሬም አልበረደልኝም።