የጠፋው ቀዳዳ እና የአባቴ ሬዲዮ

ቤት ሲከራይ በር አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ? የለም። እኔም ሎግያ ከአንድ የሞባይል ሱቅ ለእናቴ ስልክ ስገዛ የኢርፎን ቀዳዳ አለው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ካሜራውን አየሁ፣ ሙቀት ይችላል ወይ አልኩ፣ ፊደሉን ለእናቴ ዓይን እንዲመች አተለቅኩት። ሰመራ ቤቴ ገብቼ ኢርፎኔን ልሰካና ድምፁን ልሞክር ብል የምሰካበት አጣሁ። ገለበጥኩት። ከላይ የለም፤ ከጎን የለም፤ ከታች ያለው የቻርጀሩ ነው።

በማግስቱ ይዤው ተመለስኩ። ባለሱቁ ገና ትናንት ከገጠር የመጣሁ ይመስል በአዘኔታ አየኝ።

"እህቴ፣ ዘመናዊ ስልክ እኮ ቀዳዳ የለውም።"

"ለምን?"

"ውሃ እንዳይገባበት ነዋ።"

ሰመራና ሎግያ ላይ! ቧንቧው ራሱ ውሃ በሚናፍቅበት አገር! እዚህ ስልክ ውስጥ የሚገባው አቧራና ላብ ነው፤ እነሱን የሚከለክል ደግሞ የሠራ ሰው የለም። ስልኩ ላይ ነገር ጨምረው ቢያስከፍሉኝ ይገባኛል፤ ከስልኩ ነገር ቀንሰው ሲያስከፍሉኝ ግን ደሜ ይፈላል። ባለሱቁ አልተደናገጠም። "ይልቅ ይቺን ውሰጂ" ብሎ በትንሽ ነጭ ሣጥን የተኙ ሁለት ገመድ አልባ ኢርፎኖች አወጣልኝ። ገመዱን ከነቀሉብኝ በኋላ ገመድ የሌለውን ለብቻው ይሸጡልኛል። እየተነጫነጭኩ ገዛሁት።

ነገሩ የእኔ ጆሮ ጉዳይ ቢሆን ይህን ያህል ባልተንገበገብኩ። ጉዳዩ የአባቴና የታናሽ እህቴ ነበር።

አባቴ አዋሽ ላይ ጎሚስታ ነው። በወጣትነቱ ከወሎ ወርዶ አስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየ፤ ከዚያ ወዲህ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ኖረ። እህቴ ወደ አረብ አገር የሄደችው ሳትነግረው ነው። ብትነግረው እንደማይፈቅድ ታውቃለች። የከፋው ግን ይህ አይደለም፤ መሄዷን የሰማው ጎማ ሊያስለጥፍ ከቆመ ሾፌር ነው። የገዛ ልጁን ወሬ ከመንገደኛ አፍ! ሽማግሌ ሊያስታርቅ ሲመጣ፣ የግቢው ተከራይ ሁሉ እየሰማ፣ "ወላሂ ድምጿን አልሰማም!" ብሎ ማለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የመስጊዱ ሼህ ነበሩ። መሐላ ያፈረሰ ሰው ዐሥር ሚስኪን አብልቶ ከአላህ ጋር እንደሚታረቅ ቀስ ብለው አስታወሱት።

"እኔ ቃሌን በእንጀራ ጠቅልዬ አልበላም" አለ አባቴ። ሽማግሌዎቹም ጫማቸውን አድርገው ሄዱ።

ሁሉንም ያዳነው የእናቴ አሮጌ ስልክ ነው። አዋሽ ላይ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ሙቀቱ ሰው አያስቆምም፤ ሾፌሮች እንኳን በየመኪናቸው ሆድ ሥር ይተኛሉ። አባቴና እናቴ ከዳሱ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው በአንድ ኢርፎን ሬዲዮ ይሰማሉ፤ ቀኙ ለእሱ፣ ግራው ለእሷ። ገመዱ አጭር ስለሆነ ትከሻ ለትከሻ ካልተጠጉ አይደርስም። ሬዲዮው ደግሞ ያለ ገመዱ አይሠራም፤ አንቴናው እሱ ነው። ዜናው ሲያልቅ እናቴ ምንም ሳትናገር ጣቷን ስልኩ ላይ ታሳርፋለች። ሬዲዮው ይቆምና እህቴ በሳምንቱ የላከችው የድምፅ መልእክት ይጀምራል።

አባቴ ከጆሮው አይነቅልም። ወደ እናቴም አይዞርም። መንገዱን እያየ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ሲያልቅ እናቴ ሬዲዮውን ትመልሳለች፤ እሱም "ዛሬስ ሬዲዮው ጥሩ ነው" ብሎ ጋደም ይላል።

"እማ፣ አላህ በሬዲዮ ይታለላል?" አልኳት አንዴ።

"አንቺ ዝም በይ። እሱም ያውቃል፣ አላህም ያውቃል።"

ያ ስልክ ነው እንግዲህ በሙቀት ባትሪው አብጦ ጀርባው የተከፈተው። እኔም የተማረችው ልጅ፣ የመንግሥት ሠራተኛዋ፣ አሮጌውን ለመለዋወጫ ብዬ ለባለሱቁ ትቼ፣ ዘመናዊውን ይዤ አዋሽ ገባሁ።

ዓርብ ነበር። ምንጣፉ ተዘርግቷል። እናቴ አንዱን ነጭ ኢርፎን በራሷ ጆሮ፣ ሌላውን በአባቴ ጆሮ ከተተች። ስልኩና ኢርፎኑ ሲገናኙ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተናገረች። አባቴ ጊንጥ የነደፈው ይመስል ከምንጣፉ ብድግ አለ።

"አስተግፊሩላህ! ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?"

"ማሽኑ ነው አባዬ፣ ተገናኝቻለሁ እያለች ነው።"

"ከማን ጋር?"

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ታውቆኛል።

"እሺ፣ ሬዲዮውን ክፈቺልኝ" አለ።

"ይሄኛው ሬዲዮ የለውም አባዬ። ግን ሌላ ነገር…"

"ሬዲዮ ከሌለው ጆሮዬ ውስጥ ምን ልትከቱ ነው?"

ምን ልበለው? ልጅህን ልበለው? አንዴ ስሟ ከተጠራ መሐላው አለ። ኢርፎኑን በሁለት ጣቱ እንደ ጥርስ ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠውና ወደ ጎሚስታው ሄደ። የእህቴ ድምፅ እዚያው ስልኩ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። በኢንተርኔት ሬዲዮ ልክፈት ብል፣ አዋሽ ላይ ዓርብ ከሰዓት ኔትወርኩም እንደ ሾፌሮቹ ይተኛል። ከሰመራ አጭር መቀየሪያ ገመድ ገዝቼ ላክሁ፤ አንዱ ጫፍ ቻርጀሩ ቦታ ይገባል፣ በሌላው የድሮው ኢርፎን ይሰካል። የእህቴን ድምፅ ቁልጭ አድርጎ ያሰማል፤ ሬዲዮ ግን ከየት ይምጣ። አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሬዲዮ ሲኖር ጥሩኝ።" መቀየሪያውም ብዙ አልቆየም፤ አቧራ በላው።

ተናደድኩ። በፋብሪካው ተናደድኩ፤ እዚያ ቁጭ ብለው "ይሄ ቀዳዳ ለማን ይጠቅማል" ሲባባሉ አዋሽ ላይ ስላለ አንድ ግትር ሽማግሌ ማን ይንገራቸው። በእሱ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ። ዐሥር ሰው አብልቶ መገላገል እየቻለ ስንቶቻችንን በአንድ ገመድ አስሮ ያንገላታናል! እናቴ ለእህቴ ሁሉንም ትነግራት ስለነበር፣ አባቷ በሬዲዮ ስም እንደሚሰማት ልጅቷም ታውቅ ነበር። መልእክቷ ሳይሰማ ሲከማች ለእኔ ላከችልኝ። "እህቴ፣ አባዬ ሬዲዮ ተወ እንዴ? ጠላኝ እንዴ?" ትላለች፤ ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይጮኻል። ቢሮ ውስጥ ሆኜ ሰማሁትና እንባዬ መጣ። ቀዳዳ ጠፍቶ ነው፣ ይባላል?

ከዚያ በኋላ አዋሽ በሄድኩበት ጊዜ ጎሚስታው ውስጥ ተቀምጬ ሳለ የአባቴ ወዳጅ ከገዋኔ መጣ። አፋር ነው፤ ፍየልና ግመል ይነግዳል፤ ባለፈ ቁጥር ከአባቴ ጋር ዳጉ ሳይለዋወጥ አይሄድም። ዳጉ ማለት ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ መነጋገር ነው፤ መጨመር የለም፣ መዋሸት ነውር ነው። አባቴ ከአፋር ጋር ኖሮ ዳጉውን እንደ ሰላት አጥብቆ ይዞታል። እህቴ ከሄደች ወዲህ ደግሞ ለዚህ ሰውዬ የልጁን ወሬ የሚነግረው በሬዲዮ ስም ነበር። "ሬዲዮ እንዳለው አረብ አገር ያለች አንዲት ሠራተኛ ጥርሷን ታማለች፤ አሠሪዋ ግን ደግ ናት" ይላል። ሰውዬውም ፊቱን ሳይቀይር "አላህ ያሽራት" ይላል።

ያን ቀን ጎማ ላይ ተቀመጡ።

"ምን ሰማህ?" አለ ሰውዬው።

አባቴ ወንዙ መሙላቱን ነገረው። ገልባጭ መኪና የተገለበጠበትን ቦታ፣ የፍየል ገበያውን፣ የሞተውን ሰው ሁሉ ነገረው።

"ሌላስ?"

"ሌላ አልሰማሁም።"

"ከሬዲዮስ?"

"ሬዲዮ የለኝም።"

"የልጅቱ ጥርስስ? ዳነላት?"

አባቴ ካላማዳሪያውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ውሃ ውስጥ ነከረና የሚወጣውን አረፋ ማየት ጀመረ።

"እኔ ግመሌ ቢጠፋ ከገዋኔ እስከ ሰርዶ ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቃለሁ" አለ ሰውዬው ሲነሣ። "አንተ የልጅህን ጥርስ አታውቅም?"

ልጅህን አለ፤ እንዲያው በግልጽ። አባቴ አልተቆጣም። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ግን ያንን ካላማዳሪያ የተለጠፈው ቦታ ላይ ደግሞ ለጠፈው።

እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሰመራ ላይ ጠየቅኩ፣ ዱብቲ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። ቀዳዳና ሬዲዮ ያለው ሲገኝ ባለ ቁልፍ ነው፤ እሱ ደግሞ የድምፅ መልእክት አያውቅም። አንዱ ባለሱቅማ "ገመድ ፋሽኑ አልፎበታል" አለኝ። የአባቴን ቁጥር ልሰጠው ፈልጌ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት እናቴ ደወለች። ሳቋ አላናግር ብሏታል።

"አባትሽ አብዷል። ያንን ባለ ገመድ ኢርፎን ደረት ኪሱ ከቶ ነው የሚውል። ጎማ የተነፈሰበት ሾፌር በመጣ ቁጥር 'እስቲ ስልክህን አምጣ' ይላል። ገልብጦ ታችና ላዩን ያያል፣ ገመዱን ይሞክራል። ሾፌሮቹ ፖሊስ ሆነ እንዴ ይላሉ።"

"ምን አደርጋለሁ ይላል?"

"'ዕድሜ ልኬን ቀዳዳ ስደፍን ኖሬ፣ በስተርጅና ቀዳዳ ፍለጋ አወጣችሁኝ' ይላላ።"

አገኘ። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ አንድ ሾፌር ጀርባው የተሰነጠቀ፣ ግን ሬዲዮም መልእክትም ያለው አሮጌ ስልክ ነበረው። አባቴ ጎማዎቹን ሁሉ ፈትቶ ሠራለትና በእጅ ዋጋው ስልኩን ተቀበለው። ለዓርቡ እኔም አውቶቡስ ይዤ ወረድኩ። ይቺን ሳላይ ብቀር አይቆጨኝም?

ምንጣፉ ተዘረጋ። ገመዱን የሰካው አባቴ ራሱ ነው፤ ቀጭ ሲል አንገቱን ነቀነቀ። ቀኙን ለራሱ ከተተ፣ ግራውን ለእናቴ ሰጣት፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጉ። የግቢው ተከራዮች በየበራቸው ተጋድመዋል። ዜናው ሲያልቅ የእናቴ ጣት ወረደ።

የእናቴን ሲም ከነመልእክቶቹ ወደዚህኛው ያዛወርኩት እኔ ነኝ፤ የሳምንታት መልእክት ነው የተከማቸው፣ ለእኔ የላከችውንም ጨምሬበታለሁ። እኔ ፊቱን ብቻ ነበር የማየው። የመጀመሪያውን ሰማ፣ ሁለተኛውን ሰማ። እናቴ በዓይኗ ምልክት ሰጠችኝ፤ ቢሮ የሰማሁት ላይ ደርሰዋል። አባቴ እጁን ዘረጋ። ሊነቅለው ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ነቀለው። ግን ከጆሮው አይደለም፤ ከስልኩ ነው። ያንን ሁሉ መከራ ያየንበትን ገመድ ከቀዳዳው መዘዘው። ድምፁ ጸጥ አለ።

"ድገሚው" አላት እናቴን። "ድምፁንም ከፍ አድርጊው።"

እናቴ ነካችው። "አባዬ ሬዲዮ ተወ እንዴ? ጠላኝ እንዴ?" የሚለው የእህቴ ድምፅ በግቢው ሁሉ ተሰማ፤ የማጠቢያ ማሽኑ ጩኸት እንኳን ሳይቀር። ተከራዮቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ። መሐላውን የሰሙ ሁሉ አሁን እሷን እየሰሙ ነው። አባቴ ማንንም አላየም። ስልኩን ከእናቴ ተቀብሎ አፉ አጠገብ አስጠጋውና፣ ጎማ ቤት እንደሚናገረው ጮክ ብሎ፣ "ጥርስሽ ዳነልሽ ወይ?" አለ። ኔትወርኩ ሲነቃ እንዲሄድ እናቴ ላከችው።

ደስታው ሲያልፍልኝ ንዴቴ ተመለሰ። አዲሱ ስልክ እኮ ያለ ገመድ፣ ያለ ቀዳዳ፣ ይህንኑ ማድረግ ከመጀመሪያው ቀን ይችል ነበር።

"አባዬ" አልኩት፣ "እንዲህ ጮክ ብሎ ከሆነ የምትሰማት፣ እኔ ያመጣሁት ስልክ ምን ጎደለው?"

እንደ ሰነፍ ተማሪ አየኝ።

"ሬዲዮ የለውም አልኩሽ እኮ።"

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። "ነገ ዐሥር ሚስኪን እናበላለን፤ ሼሁንም ጥሪያቸው" አለ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ትልቁን ድስት ልታወርድ ተነሣች።