ስኳር የማይጠይቅ ሻይ ይዤ ወረታ

ንጋት፣ ባሕር ዳር

ጎህ ሲቀድ ከቤት ስወጣ በሐይቁ ላይ ጭጋጉ ገና አልተነሳም። አንድ ታንኳ ማገዶ ጭኖ ወደ ዳር እየመጣ ነው። ቀዛፊው ከጭነቱ ጀርባ ተሸፍኖ እንጨቱ ብቻውን የሚጓዝ ይመስላል። እኔም የራሴን ጭነት ታቅፌያለሁ፤ በፎጣ የተጠቀለለ ትንሽ በራድና በከረጢት የታሰረ ኡሎንግ ሻይ።

ሻዩን የሰጠኝ በምሠራበት ፋብሪካ ማሽን ሲተክል የከረመ ቻይናዊ መሐንዲስ ነው። አገሩ ሊገባ ሲል አፈላሉን አሳይቶኝ ሄደ። ኡሎንግ በአረንጓዴውና በጥቁሩ ሻይ መካከል ያለ ነው፤ የተቀጠፈው ቅጠል ጠውልጎ በከፊል ሲጠቁር መጥቆሩን በእሳት ያስቆማሉ፤ ከዚያም ጠቅልለው ያደርቁታል። የኔው ድብልብል ስለሆነ ላየው ሰው ቁንዶ በርበሬ ነው። እኔ እስከዚያ ድረስ ሻይ የማውቅ ይመስለኝ ነበር!

የምወስደው ለሐጂ ኑሩ ነው። መጀመሪያ አስተማሪ ሆኜ ወረታ ስመደብ እሳቸው ግቢ ነበር የተከራየሁት። ሐጂ የሻይና የቅመም ነጋዴ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ካለው የአስር ሶላት በኋላ ወዳጆቻቸው ሱቁ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ሻይ እየተጠጣ የከተማው ወሬ ይበጠራል። አምና ሐኪም ስኳር አለብዎት ብሎ ከጣፋጭ ከለከላቸው። ሐጂ ደግሞ ስኳር የሌለውን ሻይ ሻይ አይሉትም። ሻዩን ተዉት፤ አግዳሚውንም አብረው ተዉት። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ባለፈው ስልክ ደውለው፣ «ከሰው ተለዩብን'ኮ ልጄ። ለሰው ሻይ ያስቀዱና የራሳቸውን ብርጭቆ ደፍተው ወደ ጓዳ ይገባሉ» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት። እንግዲህ የጉዞዬ ነገር ይሄው ነው፤ ሐጂን ወደ አግዳሚያቸው መመለስ።

መንገድ ላይ

«መንገዱ ሰላም ነው?» ብዬ ከጠየቅኩ በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የዓባይን ድልድይ እንደተሻገርን ዓይኑን ወደ እቅፌ ጣል አደረገ።

«ምንድን ነው እንደ አራስ ልጅ ያቀፍሽው?»

«ሻይ ነው። ያለ ስኳር የሚጠጣ።»

«ያለ ስኳር? ማን ነው የቀየመሽ እህቴ?»

ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ሐሙሲት ላይ ለቁርስ ስንወርድ የቀረበልኝ ሻይ ግማሹ ስኳር ነው፤ ከትኩስ ዳቦ ጋር ልብ ያደርሳል። በዚህ መንገድ ዳር ስኳር የሌለው ሻይ ይዞ መምጣት ድፍረት ነው። የጉማራን ወንዝ አልፈን ፎገራ ሜዳ ስንገባ ሩዙ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው፤ በየመንገዱ ዳር ሽንኩርት ተከምሯል፤ ከብቱ ሣር ውስጥ ከወገቡ በላይ ብቻ እየታየ ይግጣል። ስንት ጊዜ አልፌበት አሁንም አልጠግበውም።

ወረታ

ሐጂ ከስተዋል። አቀባበላቸው ግን ያው ነው። «እንኳን በደኅና መጣሽ! ቤተሰብ ደኅና? ሥራው? ሐይቁስ?» ሐይቁንም እንደ ዘመድ ይጠይቁታል። ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ተቀዳልኝ። በሰሃኑ ላይ የሳቸው ብርጭቆ ተደፍቶ ተቀምጧል።

የድሮ ጎረቤቶቼን ሰላም ልበል ብዬ ወጣ ማለቴ ጥፋት ሆነ። እትዬ ዘሃራ ደግነታቸው አላስችል ብሏቸው ከረጢቱን ፈቱ፤ የሻዩን ግማሽ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ጨመሩና ከሰል ላይ ጣዱት። ስመለስ ይንተከተካል።

«እትዬ፣ ይሄ አይፈላም'ኮ!»

«ኧረ ልጄ፣ ሻይ ሳይንተከተክ ሻይ ይሆናል?»

ሐጂ ለኔ ሲሉ ብርጭቆአቸውን አቀኑና አንድ ጊዜ ፉት አሉለት። ፊታቸው ተኮማተረ። «ይሄማ ኮሶ ነው» አሉና ብርጭቆውን መልሰው ደፉት። እትዬ ዘሃራ አቀረቀሩ። እኔ ደግሞ ለማልቀስ ትንሽ ቀረኝ።

በተረፈው ግማሽ እንደገና ጀመርኩ። መሐንዲሱ ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ ይረፍ ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ከፍ ባለ አገር ውሃ ሙቀቱ ሳይበረታ ስለሚፈላ እኛ ጋ ብዙ መጠበቅ እንደማያስፈልግ ደርሼበታለሁ። በራዱን በሙቅ ውሃ አሞቅኩት፤ ቅጠሉን ጨምሬ አንዴ አለቅልቄ ውሃውን ደፋሁ፤ ከዚያ ውሃ ሞልቼ ከደንኩት። የሚቆየው ሰላምታ ተለዋውጦ እስኪጨረስ ነው፤ የከተማ ሰላምታ ማለቴ ነው፤ በገጠሩ ሰላምታ ከተለካ ይመራል። በሲኒ ቀድቼ ለሐጂ ሰጠሁ።

«ውሃ ውሃ ይላል» አሉ በትሕትና።

ቅጠሉ ገና አልተፈታም ነበር። ውሃ ልደግም እጄን ስዘረጋ በራዱን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ተይ ልጄ! በኔ ቤት የታጠበ ቅጠል ለእንግዳ ተቀድቶ አያውቅም።»

ነገሩ ገባኝ። ሐጂ ዕድሜ ልካቸውን ሻይ ሸጠዋል፤ አንድን ቅጠል ሁለት ጊዜ ማጠጣት በሳቸው ዘንድ የቋጣሪ ቤት ምልክት ነው። ኡሎንግ ግን ዋና ጣዕሙን የሚያወጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ነው።

«ሐጂ፣ ዛሬ ቀጂዋ እኔ ነኝ፤ እንግዳው እርስዎ ነዎት። ነውሩ የኔ ይሁን።»

ከት ብለው ሳቁና እጃቸውን አነሱ።

ሁለተኛው ሲቀዳ መልኩ የተጣራ ማር ሆነ። መጀመሪያ የገብስ ቆሎ ሸተተን፤ ተከትሎ ዘጌ ላይ ቡና ሲያብብ ጫካው የሚሸተው ሽታ መጣ። ሐጂ ቀመሱ፤ ዋጡ። ቆይተው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ዘሃራ፣ ስኳር ጨምረሻል?»

«ወላሂ አልጨመርሁም!»

«ታዲያ ከዋጥሁት በኋላ ጉሮሮዬ ላይ ምን ጣፈጠኝ?»

«ጠባዩ ነው ሐጂ» አልኩ፤ «ጣፋጩ ከኋላ ነው የሚመጣው።»

ክዳኑን አንስተው ወደ ውስጥ አዩ። ድብልብሉ ሁሉ ተፈቶ ከነዘንጉ ሙሉ ቅጠል ሆኗል። «ይቺን ሁሉ ቅጠል በዚያች ፍሬ ውስጥ ማን ከተታት? ሱብሃነላህ!» አሉ። ሦስተኛውን ራሳቸው ለመኑኝ።

«መድኃኒት ነው እንዴ?»

«አይደለም፤ ሻይ ብቻ ነው። ኪኒንዎን እንዳይተዉ።»

«እንኳንም አልሆነ። መድኃኒትስ ሰልችቶኛል።»

ያም ሆኖ የተደፋው ብርጭቆ ከሰሃኑ ላይ አልተነሳም። ስለ አግዳሚው ምንም አላሉም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ። በራዱንና የቀረውን ሻይ ትቼላቸው፣ የአስር ሶላት ሳይደርስ መኪና ተሳፈርኩ።

መመለሻ

ፀሐይ ሐይቁ ላይ እየወደቀች ነው። ተሳፋሪው ሁሉ አንቀላፍቷል፤ እኔ ግን ያ ብርጭቆ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል። ዓባይ ድልድይ ልንደርስ ስንል ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ናቸው።

«ልጄ፣ ገባሽ?»

«ድልድዩ ጋ ደርሻለሁ። እርስዎስ ምን እያደረጉ ነው?»

«ያን ቅጠል መድፋት አሳዘነኝ። ውሃ ጨመርሁበት።»

ከኋላቸው የሰው ጫጫታ ይሰማል። አንድ ጎርናና ድምፅ፣ «ሐጂ፣ እንግዲህ የታጠበ ቅጠል ታጠጣን ጀመርህ?» አለ፤ ሳቁ ፈነዳ።

«ዝም ብለህ ጠጣ!» አሉት ሐጂ። «ከዋጥኸው በኋላ ነው የሚናገረው።»

ስልኩን መዝጋት ረስተውታል። እኔም አልዘጋሁትም። ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩት ድልድዩን ስንሻገር ድምፃቸው በሳቁ መሀል መጣ፤ «ዘሃራ፣ ብርጭቆዬን ቀና አድርጊና ቅጂበት።»